ሰዓታችሁን ጠብቁ፦ አስተናጋጅ ሆኖ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር መማር

(ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተዘጋጀ የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ጥቁር ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ የለበሳችሁ ልጆች ትታዩኛላችሁ። ልብሱን አውቀዋለሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከዚህ ወጥታችሁ ሺፍት የምትገቡም አላችሁ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ "የሬስቶራንት አስተናጋጅ ሆነሽ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር እንዴት እንደተማርሽ ንገሪያቸው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ታሪኬን ብቻ አውርቼ ብወርድ ምን ትጠቀማላችሁ? ታጨበጭባላችሁ፣ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ዛሬ ከዚያ በላይ እፈልጋለሁ። ሦስት ነገር ልላችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛው ስለ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ሥራና ትምህርት አንድ ላይ ሲሆኑ ስለሚመጣው ነገር ነው። ሦስተኛው እዚህ ላላችሁ የሬስቶራንት ባለቤቶችና ወላጆች የማቀርበው ልመና ነው። ሦስቱም የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ሰዓት።

በአንደኛው ልጀምር።

ወጣቶች፣ እባካችሁ ለአንድ አፍታ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ። በአሜሪካ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን የሚቀጥረው የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ የምንለው፣ ልምድ የሌለው አዲስ ሰው ሲወስድ የዕድሜ ገደብ አለው። ማስታወቂያው ሲዘጋ ዕድሜያችሁ ከ31 በታች መሆን አለበት። 31 ከሞላችሁ ጎበዝም ሁኑ፣ ፈተና የሚደፍን ጭንቅላት ይኑራችሁ፣ አይወስዷችሁም። ለምን? ተቆጣጣሪ በ56 ዓመቱ በግዴታ ጡረታ ይወጣል። ሥልጠናው ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ገና ወጣት የሆነ ሰው ነው የሚፈልጉት።

በዚህ ላይ ዜግነት አለ። ግሪን ካርድ አይበቃም። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ልጅ ዲቪ ደርሶት በ24 ዓመቱ መጣ እንበል። ለዜግነት ለማመልከት በደንቡ አምስት ዓመት ይጠብቃል። 29 ሞላው። ቅጹ ገብቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት፣ መሐላ እስኪፈጽም ወራት ያልፋሉ። 31 ሊሞላው ምን ቀረው? በቀረችው ጊዜ ውስጥ ደግሞ የቅጥር ማስታወቂያ መውጣት አለበት። ማስታወቂያው ዩኤስኤጆብስ በተባለው የፌዴራል መንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ላይ ነው የሚወጣው። ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። አንዳንዴ ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ ይዘጋል።

አያችሁ? ይህ ልጅ የሚያባክናት ወር የለችውም። አንድም!

ስለዚህ ስሙኝ። የዜግነት ቅጹን፣ ኤን-400ን፣ አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይፈቀዳል። እኛ ምን እናደርጋለን? "ቆይ ብሩን ላጠራቅም"፣ "ቆይ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ"፣ "ቆይ እንግሊዝኛዬ ይሻሻል" እንላለን። ዛሬ ነገ ስንል ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለሌላ ሥራ ግድ ላይሰጥ ይችላል። ለዚህ ሥራ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ወንዶች ልጆች ደግሞ በ18 እና በ26 ዓመት መካከል ለሰሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ለውትድርና ጥሪ በሚያዘው መዝገብ ማለት ነው፣ መመዝገብ አለባችሁ። ለፌዴራል ሥራ ስታመለክቱ ይጠይቋችኋል። ያልተመዘገበ ካለ ዛሬ ማታ ይመዝገብ።

ዲግሪስ? ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። የሥራ ልምድም ይቆጠራል፤ ትምህርትም ይቆጠራል፤ ሁለቱን አዳምሮ ማቅረብም ይቻላል። እኔ የተማርኩት ኤፍኤኤ ከኮሌጆች ጋር በሚያካሂደው፣ ሲቲአይ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርታቸው ከኤፍኤኤ አካዳሚ ጋር እንዲስተካከል የተደረገ ኮሌጆች አሉ። ከእነሱ የተመረቀ ኦክላሆማ ሲቲ የሚገኘውን አካዳሚ መግባት ሳያስፈልገው ወደ ሥራ ቦታ ሥልጠና ያልፋል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ኮሌጅ ሳይገባ በቀጥታ አመልክቶ፣ መግቢያ ፈተናውን አልፎ፣ አካዳሚ ገብቶ በሥልጠናው ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለውም አለ። ወላጆች ስለ ገንዘቡ መጠየቃችሁ አይቀርም። የዚህ ሙያ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ከ130,000 ዶላር በላይ ነው።

እኔ ይህን ከማን ሰማሁ መሰላችሁ? ከአማካሪ አይደለም። ከትምህርት ቤትም አይደለም። ባር ላይ አብሮኝ ከሚሠራ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነው። አውሮፕላን ይወድ ነበር። ብርጭቆ እያደረቀ የትኛው አውሮፕላን በየት በኩል እንደሚያርፍ ይነግረኝ ነበር። አንድ ማታ "ለምን አትማርም?" አልኩት። "ዜግነት ያገኘሁት 31 ካለፈኝ በኋላ ነው። አንቺ ግን ጊዜ አለሽ" አለኝ። ያን ጊዜ ምንም አላልኩም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ እሱም ነው። እሱ ያጣውን እናንተ ባለማወቅ እንድታጡት አልፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ትምህርት ልጀምር ነው ስል አጎቴ ጠሩኝና "ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" አሉኝ። ለእኔ አስበው ነው። ግን እኔ ምን ምርጫ ነበረኝ? ሥራውን ብተው ኪራይ ማን ይከፍላል? አገር ቤት ለእናቴ ማን ይልካል? እዚህ ካላችሁት ውስጥ ሥራ ትቶ ሙሉ ቀን መማር የሚችል እስቲ እጁን ያውጣ። ይኸው። ሁለት ዛፍ ላይ መውጣት ምርጫ ያልሆነበት ሰው ብዙ ነው።

የአስተናጋጅ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ያልሠራበት ሰው አያውቅም። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። እኔ የሠራሁበት ቨርጂኒያም ያው ነው። እዚህ ሜሪላንድ በግዛቱ ሕግ 3 ዶላር ከ63 ነው። ቀሪው ከቲፕ ነው። ቲፕ ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው። ማክሰኞ ምሳ ላይ ቆማችሁ ብትውሉ እግራችሁ ይቀጥናል እንጂ ኪራይ አይወጣም። ስለዚህ ሬስቶራንቱ የሳምንቱን ዋና ምሽቶች ይወስዳል። ትምህርቱ በተረፈው ነው የሚኖረው።

ትምህርቱስ ምንድን ነው? በቃል መያዝ ነው። ብዙ፣ በጣም ብዙ በቃል መያዝ። አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በራዳር ሁለት አውሮፕላኖች በአብዛኛው 3 ማይል ይራራቃሉ። ከፍ ብለው ረጅም መንገድ ሲበሩ 5 ማይል። ወይም ከላይና ከታች 1,000 ጫማ። ይህ ፊደል መቁጠር ነው። ከዚያ ትልቁ የሥራ መመሪያ ይመጣል፤ በቁጥሩ 7110.65 ይባላል። ቃላቱን እንደተጻፉ ነው የምትሏቸው። ዘጠኝ ቁጥር "ናይነር" ነው፤ አምስት "ፋይፍ" ነው። ከዚያ የአየር ክልል ካርታ አለ። ባዶ ወረቀት ይሰጧችኋል። መስመሮቹን፣ መገናኛ ነጥቦቹን፣ ከፍታዎቹን፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲዎቹን ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ ትስላላችሁ።

እኔ ይህን ካርታ ያጠናሁት ሲልቨርዌር ስጠቀልል ነው። ሠርታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሬስቶራንቱ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ሹካና ቢላ በናፕኪን ትጠቀልላላችሁ። ናፕኪኑን በማዕዘን ዘርጋ፣ ሹካ፣ ቢላ፣ እጠፍ፣ ጠቅልል። እጅ ብቻውን ይሠራል፤ ጭንቅላት ነፃ ነው። ትእዛዝ የምጽፍባትን ደብተር ገልብጬ ከፊቴ አቆማለሁ። አንድ ጥቅል ስጨርስ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ጥቅሎቹ ቅርጫቱን ሲሞሉት ካርታው አልቋል። አብረውኝ የሚሠሩት ወረቀቱን እየነጠቁ "ከዚህ ነጥብ ቀጥሎ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። ስለ አውሮፕላን ምንም የማያውቁ ልጆች! ያ ደግነት እስከ ዛሬ ውስጤ አለ።

አሁን ዓርብ ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው በሉ። የትእዛዝ ማሽኑ ትኬት በትኬት ላይ ያወጣል። ኩሽና "ሳልመን 86!" ይላል፤ አልቋል ማለት ነው። አንድ ጠረጴዛ ሒሳብ ይጠይቃል። አንድ ጠረጴዛ ምግቡ ዘገየብኝ ይላል። ስምንት ሰው መጥቶ እኔ ሴክሽን፣ እኔ በማስተናግዳቸው ጠረጴዛዎች ማለት ነው፣ ላይ ተቀምጧል። በዚህ መሐል አንዲት እናት "ልጄ ለውዝ ከበላ ትንፋሹ ይዘጋል" ትለኛለች። ከሁሉም የቱን ታስቀድማላችሁ? ሒሳቡ ይቆያል። የተቆጣው ሰውዬ ይቆያል። መጀመሪያ ኩሽና ሄዳችሁ የልጁን ነገር በአፋችሁ ትናገራላችሁ፤ ሼፉ "ሰማሁ" እስኪል ከቦታው አትነቃነቁም። ያ የሥራ መመሪያ የሚለውም ይህንኑ ነው። የመጀመሪያ ቅድሚያ አውሮፕላኖችን አራርቆ መያዝና የአደጋ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። አስተማሪዬ ይህን ሲያስረዳ ለእኔ አዲስ አልሆነብኝም።

አስተናጋጅነት ይህን ያስተምራል። ትእዛዙን ደግማችሁ ታነባላችሁ፤ አብራሪውም የተሰጠውን መመሪያ ደግሞ ያነባል፣ ተቆጣጣሪው በትክክል መድገሙን ያዳምጣል። ሴክሽን ለሌላ ሰው ስታስረክቡ የትኛው ጠረጴዛ ምን እንደሚጠብቅ ትናገራላችሁ፤ ተቆጣጣሪም ወንበሩን ሲለቅ ዝርዝር ይዞ፣ አንድ በአንድ ነግሮ ነው የሚነሳው። "አስተናጋጅ ብቻ ነኝ" የምትሉ ልጆች፣ "ብቻ" የምትለውን ቃል ተዉአት። በየማታው ሥልጠና ላይ ናችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኛ አስተዳደግ በጣም የሚነካ ነው። ጥር 1990፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለት ነው፣ አቪያንካ 52 የተባለ በረራ ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ መጣ። የአየሩ ጠባይ ከፍቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ሠራተኞቹ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ነዳጅ እያነሰን ነው አሉ። ግን "አደጋ ላይ ነን" ብለው በይፋ አላወጁም። ተቆጣጣሪዎቹም የነገሩን ክብደት አልተረዱም። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጨርሶ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ።

ይህን በተማርኩ ቀን ስለ እኛ ሳስብ ዋልኩ። እኛ "እንዳላስቸግር" ብለን ያደግን ነን። ስንቸገር "ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ" እንላለን። ማናጀራችንን "ቅር ካላለህ፣ ካልከበደህ" ብለን ጀምረን ዋናውን ሳንናገር እንወጣለን። እባካችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁን በግልጽ ተናገሩ። ጨዋነት ነው፤ ድፍረት አይደለም።

እኔም መናገር ነበረብኝ። ማናጀሬ ማታ ዘግቼ ጠዋት እንድከፍት ይመድበኝ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወጥቶ ጠዋት 3 ሰዓት ተመልሶ መግባት። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው አንሶት ነው። ግን ምን ሆነ? ትናንት ማታ ያለ ችግር የሳልኩት ካርታ ጠዋት ድርግም ይልብኛል። መስመሩ አለ፣ ፍሪኩዌንሲው የለም። የማስታወስ ችሎታዬ አልጎደለም። እንቅልፌ ነው የጎደለው።

መጋቢት 2011 እዚሁ፣ ሁላችንም ሰው ለመቀበል በምንሄድበት በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ሌሊት የመቆጣጠሪያ ማማው ላይ አንድ ሰው ብቻውን ነበር። ተከታታይ የሌሊት ሺፍት ሠርቷል። እንቅልፍ ወሰደው። ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ማማው ሳይመልስላቸው ራሳቸውን ችለው አረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ያ ሰው ሰነፍ ነበር? አይደለም። ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ በሺፍት መካከል ያለው ዕረፍት 9 ሰዓት እንዲሆን ተደረገ። በ2024 ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ ከሌሊት ሺፍት በፊት 12። መንግሥት ቁጭ ብሎ አጥንቶ የሰው ጭንቅላት ያለ እንቅልፍ እንደማይሠራ ተቀበለ።

አስተናጋጁንስ ማን ያስብለታል? ማንም። ራሳችሁ ናችሁ።

እኔ ማናጀሬን ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። "ዓርብና ቅዳሜ ማታ እስከ መጨረሻው እሠራልሃለሁ። እሑድ ጠዋት ግን አልመጣም። ዘግቼ በማግሥቱ አልከፍትም" አልኩት። አኮረፈ። ሁለት ሳምንት ጥሩ ሴክሽን አልሰጠኝም። በኋላ ለመደው። ገቢዬ ቀነሰ፣ አልዋሻችሁም። ከነበርኩበት አፓርትመንት ወጥቼ የሰው ቤት ቤዝመንት ገባሁ። የኮሌጁን ክፍያ በዕቁብ ሸፈንኩት፤ ዕጣዬ ሴሚስተር ሲጀመር እንዲወጣልኝ ሰብሳቢዋን ለመንኳት፣ አባላቱም ፈቀዱልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

መግቢያ ፈተናውን፣ አትሳን፣ በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ። ፈተናው የሚለካው ስለ አውሮፕላን የምታውቁትን አይደለም። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች እንዳይጋጩ እየጠበቃችሁ፣ በዚያው ቅጽበት የሒሳብ ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ለዚህ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ አትሂዱ። በፊት ያሉትን ሁለት ማታዎች ለሌላ ሰው ስጡ። የሁለት ማታ ቲፕ ይቅር። ይቅር!

ይኸው ሦስተኛው። ይህ አጭር ነው።

የሬስቶራንት ባለቤቶች፣ ብዙዎቻችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ገና አገሩን ሳናውቅ ሥራ የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ደፍሬ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የሥራ ፕሮግራሙን ከሁለት ሳምንት በፊት ለጥፉ። ቅዳሜ ማታ "ነገ ጠዋት ትመጫለሽ?" ብሎ ቴክስት ማድረግ የልጁን የጥናት ቀን ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ የሚማር ልጅ ማታ ዘግቶ ጠዋት እንዲከፍት አታድርጉ። አውሮፕላን ለሚቆጣጠር 10 ሰዓት ዕረፍት ካስፈለገ፣ ያንን ለመሆን ለሚማረውም ያስፈልገዋል። ምናልባት አንድ ቀን ከእናንተ ጋር የሠራ ልጅ እናንተን ይዞ የሚመጣውን በረራ ያሳርፋል።

ወላጆች፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። ልጁ ከሌሊት ሺፍት መጥቶ በሩን ዘግቶ ሲተኛ "ምን ዓይነት እንቅልፋም ነው" አትበሉት። ተዉት ይተኛ። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየማኅበሩ ካልተገኘ አትቆጡት። ለቅሶ ይድረስ፣ እሺ፤ ለቅሶ ግዴታ ነው። ሌላውን ግን ለጥቂት ዓመት ይቅር በሉት። እናቴ በስልክ "የእገሊት ሠርግ ላይ አልታየሽም አሉኝ" ትለኝ ነበር። አንድ ቀን "እማዬ፣ ፈተና ነበረኝ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቃት "ልጄ እያጠናች ነው" እያለች ራሷ መመለስ ጀመረች። ያቺ ንግግሯ ስንት ሸክም እንዳነሳችልኝ አታውቁም።

ዛሬ እኔ አካዳሚውን ጨርሼ አንድ ማማ ላይ በሥራ ላይ ሥልጠና ላይ ነኝ። አሠልጣኜ ከጎኔ ቆሞ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ እያንዳንዷን ቃሌን ይሰማል። ገና ብዙ ይቀረኛል። ጥር 2025 ፖቶማክ ወንዝ ላይ 67 ሰው ያለቀበት የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር ግጭት ከደረሰ ወዲህ "አትፈሪም?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ እነዚያ ሰዎች አዝናለሁ፤ ዘወትር አስባቸዋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያረፈ፣ ነቅቶ የሚሠራ ሰው እንደሚያስፈልግ ግን ከምንጊዜውም በላይ አምናለሁ። ሰው ያስፈልጋል። ከእናንተ መካከል ለምን አይሆንም?

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። እዚያ ቡናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የዜግነት ቅጽ መሙላት የሚችሉ ሁለት እህቶችም አብረውኝ አሉ፤ በነፃ ነው። ግሪን ካርዳችሁን አውጡና "ሬዚደንት ሲንስ" ከሚለው ጎን ያለውን ቀን እዩ። ከልደታችሁ ቀን ጋር ወረቀት ላይ ጻፉና ይዛችሁልኝ ኑ። ስንት ወር እንደቀራችሁ አንድ በአንድ እናሰላለን። ሥራ ላይ ያለ እኅት ወንድም ያላችሁ የእነሱንም ቀን ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ለሁሉም የሚሆን ጥያቄ ያለው ካለ እጁን ያውጣ። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።